ጅማ ላይ የቡና ድርጅት ስመራ ያየሁት፦ ለአዳዲስ ሥራ አስኪያጆች

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ጅማ ውስጥ በቅርብ የማውቃቸው ልጆች የሥራ አስኪያጅነት ደብዳቤ ደርሷቸው እየደወሉ "ከየት ልጀምር" ሲሉኝ ለአንዱ አንዱን ለሌላዋ ሌላውን ስነግር ከምውል አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። እኔ ያለሁት ቡና ላይ ነው። እሸት፣ ማለትም ገና የተለቀመ ቀይ የቡና ፍሬ፣ ገዝቶ አጥቦ አድርቆ ለላኪ የሚያቀርብ የግል ድርጅት ነው የምመራው፣ ማጠቢያ ጣቢያዎቻችን ሊሙ ኮሳና ጎማ ወረዳ ናቸው፣ ቢሮውና መጋዘኑ ጅማ። ሆቴልም ምሩ ትራንስፖርትም ወፍጮ ቤትም የምትወስዱት አታጡም ብዬ ነው።

ዋናውን ከፊት ላስቀምጠው፣ ሁሉን ለማንበብ ጊዜ የሌለው እንዲያገኘው። እኔ እስካየሁት ድረስ ድርጅት የሚጎዳው መጥፎ ወሬ አለቃው ጆሮ ሲደርስ ስለሚዘገይ ነው። ማሽን ይበላሻል፣ ዋጋ ይወርዳል፣ ሰው ብር ይዞ ይጠፋል፣ ይሄ በየዓመቱ ያለ ነው። በዚያው ማታ ከሰማችሁት ብዙውን ጊዜ መላ አለው፣ ከወር በኋላ ከሰማችሁት ግን ቀሪው ሥራ ማልቀስ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ ዞሮ ዞሮ እሱ ነው።

የተመረቅኩት ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ነው። ቤተሰብ የጠበቀው ባንክ እንድገባ ነበር፣ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ ግን ሊሙ ያለ ጣቢያ ላይ የሚዛን መዝጋቢነት ሆነ። እናቴ "ለዚህ ነው አራት ዓመት የተማርሽው?" ብላ ቅር ብሏት ነበር። እሸት የሚመጣው ቀን ሲለቀም ውሎ አመሻሽ ላይ ነው፣ ገበሬው በጆንያ ተሸክሞ በአህያ ጭኖ በሞተር ሳይክል ይዞ ሁሉም በአንዴ ይደርሳል፣ እኔ ኪሎ እጽፋለሁ ዋጋ አባዛለሁ ካሸሩ ይከፍላል፣ እንዲህ ስንል ይመሻል። እዚያ ያየሁትን ክፍል ውስጥ ማንም አላስተማረኝም። አረንጓዴው ከቀዩ ጋር ተደባልቆ ሲመጣ ማን እንደሚያሳልፍ ማን እንደሚመልስ፣ ዝናብ የመታው እሸት ሚዛን ላይ እንዴት እንደሚከብድ፣ ሰብሳቢው ከገበሬው በስንት ገዝቶ ለእኛ በስንት እንደሚያስረክብ፣ ሰው ሲያጭበረብር እጁ ምን እንደሚሆን ሁሉ። ኋላ ቢሮ ገብቼ ሪፖርት ሳነብ ቁጥሩ ውስጥ ሰዎቹ ይታዩኝ ጀመር። ስለዚህ ምክሬ፣ ድንገት ከላይ ተሹማችሁ ከሆነም ቢሆን ወርዳችሁ ገንዘብና እቃ የሚለዋወጡበት ቦታ ላይ አንድ መኸር ቁሙ፣ ሆቴል ከሆነ ማታ ሪሴፕሽን ላይ፣ ትራንስፖርት ከሆነ መናኸሪያና ነዳጅ ማደያ። ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ከዚያ ይለምዳችኋል፣ ከዚያ ይነግራችኋል።

ደግሞ አፋን ኦሮሞ የማትችሉ ተማሩ። ጅማ ከተማ ውስጥ በአማርኛ ብቻ መዋል ይቻላል፣ ጣቢያ ስትወርዱ ግን የቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ ቡና የሚለቅሙት እናቶች በአስተርጓሚ መጥፎ ነገር አይነግሯችሁም። ሰላምታና "ደህና ነው ሁሉም" ነው የሚተረጎምላችሁ።

ወደ ሥራ አስኪያጅነቱ የመጣሁት ከሂሳብ ክፍል ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት አለቃ ሥራ አዋቂ ናቸው፣ ቡና በዓይናቸው አይተው ደረጃውን የሚናገሩ፣ ግን ቁጡ ነበሩ፣ ችግር ይዞ የመጣ ሰው ራሱ ችግሩን የፈጠረ ነበር የሚመስለው። እና እኔ የተረከብኩት ድርጅት ላይ ላዩን ሲያዩት ጸጥ ያለ ነው፣ ሪፖርቱ ንጹህ ስብሰባው አጭር። ውስጡ ግን ሆድ ይፍጀው ነበር።

ይሄ የገባኝ መጋዘን ውስጥ ነው። ከአንዱ ጣቢያ የመጣ ፓርችመንት፣ ማለትም ታጥቦ ደርቆ ገና ያልተቀሸረ ቡና፣ የአንዱን ጆንያ አፍ ፈትተን እጄን ሳስገባ ኮምጣጤ ኮምጣጤ አለኝ። ነጣ ማለት የነበረበት ልባሱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለ። ትንሽ ቀሽረን ቆልተን ቀመስነው፣ የሸተተ ፍሬ አለው። ቡና ላይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ አንዲት የሸተተች ፍሬ ሲኒውን በሙሉ ታበላሻለች፣ እና ያቺን ፍሬ ከጆንያ ውስጥ በዓይን ለይቶ ማውጣት ሁሌ አይቻልም። ጣቢያው ሄድኩ። ነገሩ ሲወጣ፣ ከሳምንታት በፊት ማታ የመፈልፈያው ማሽን ቺንጋ (ማዞሪያ ቀበቶው) ተበጥሶ መለዋወጫ ስላልነበረ እሸቱ እንደተከመረ አድሯል፣ በነጋታው ከሰዓት ነው የተፈለፈለው። እሸት በተለቀመበት ቀን ማታውኑ መፈልፈል አለበት፣ ካደረ ጆንያው ውስጥ ይግላል መፍላት ይጀምራል። ያን ቀን ቢደወል ኖሮ ከአጋሮ ቺንጋ ይመጣ ነበር፣ ካልሆነም እሸቱን አልጋ ላይ ዘርግቶ ሳይፈለፈል ከነልጣጩ በጀንፈልነት ማድረቅ ይቻል ነበር፣ ዋጋው ያንሳል ግን ቡና ነው። ያበሳጨኝ ቺንጋው አይደለም። ያ ያደረ እሸት ከጤነኛው ጋር አንድ ላይ መደባለቁ ነው፣ እንዳይታወቅ ተብሎ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለው ይሄ ነው።

የጣቢያው ኃላፊ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። የተናገሩት ጥበቃው ናቸው፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው። "ማን ይናገራል ብለሽ ነው ልጄ? የተናገረ እኮ ነው የሚባረረው" አሉኝ። 

ኃላፊውን አላባረርኩትም፣ ባለቤቶቹ ግን ይባረር ብለው ነበር። እሱን ባባርረው ሌሎቹ ጣቢያዎች የሚማሩት "በደንብ ደብቁ" የሚለውን ነው ብዬ ተከራከርኩ። በምትኩ ሁሉንም የጣቢያ ኃላፊዎች ካሸሮች መካኒኮች ጅማ ጠርቼ አንድ ደንብ አወጣን፣ ተጽፎ ተፈርሞ በየጣቢያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ። በዚያው ሌሊት የተነገረ ብልሽት አያስቀጣም፣ የተደበቀ ያስቀጣል፣ ትንሽም ቢሆን። ስልኬ በመኸር ወቅት ሌሊት አይዘጋም። ኔትወርክ ከሌለ ሞተረኛ ይላካል፣ ነዳጁን ድርጅቱ ይከፍላል።

ደንብ መለጠፍ ቀላል ነው፣ ሰው የሚያየው የመጀመሪያውን ስልክ እንዴት እንደምታነሱት ነው። የመጀመሪያው የመጣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው፣ ጀነሬተር ቆሟል፣ ደዋዩ ልጅ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ከምንም በፊት "ስለደወልክ አመሰግናለሁ" አልኩት፣ ከዚያ "ስንት ኪሎ እሸት አለ፣ ውሃ አለ ወይ፣ በእጅ የሚዞረው ማሽን ይሰራል ወይ" ብዬ ጠየቅኩ። ለምን የሚለውን ጥያቄ ለነገ አሳደርኩት። ይሄን ያዙልኝ እባካችሁ፣ ሌሊት ላይ "ለምን" ብሎ መጠየቅ ሰውን ጥፋቱን ወደ መከላከል ነው የሚከተው፣ ለሌሊት የሚሆነው ጥያቄ "አሁን ምን አለን" የሚለው ነው። በነጋታው ጣቢያዎቹ ሁሉ ልጁን እንዳልተቆጣሁት ሰምተዋል፣ ወሬ እንደሆነ ከእኛ መኪና ይቀድማል። ከዚያ ወዲህ መደወል ጀመሩ። አንዳንዱ የማይረባ ነው፣ ግን የማይረባውንም አመስግናችሁ ካልሰማችሁ የሚረባው አይመጣም።

እግረ መንገዴን፣ "ችግር ይዛችሁ አትምጡ መፍትሄ ይዛችሁ ኑ" የሚባል አባባል በየስልጠናው ይነገራል፣ እኔ አልወደውም። የጥበቃ ሠራተኛ ለጀነሬተር መፍትሄ ከየት ያመጣል? መፍትሄ እስኪያገኝ ዝም ይላል ማለት እኮ ነው። ችግሩን ብቻ ያምጣው፣ መፍትሄ መፈለግ የእናንተ ደመወዝ ነው።

ከዚያ የመጣው ከባድ ጊዜ የ2015 መኸር ነው፣ ቡና ላይ የነበረ ሰው አይረሳውም። ክረምት ላይ የኒውዮርክ ገበያ የቡና ዋጋ ፓውንዱ ከ2 ዶላር በላይ ነበር፣ ሁሉም ሰው በዚያ ስሌት ነው ወደ መኸሩ የገባው። እሸት በሚለቀምበት ጥቅምትና ህዳር ላይ ግን ውጭ ያለው ዋጋ ቁልቁል ሄደ፣ ህዳር ላይ ከ1 ዶላር ከ70 ሳንቲም በታች ወርዷል። ጣቢያ በር ላይ ግን እሸት አልወረደም፣ እንዲያውም ጨመረ፣ ምክንያቱም ጣቢያዎች ይሻማሉ፣ አንዱ ማታ ሃምሳ ሳንቲም ሲጨምር ሌላው አንድ ብር ይጨምራል፣ ሰብሳቢው ደግሞ ስልኩን ይዞ ሁለቱን ያጫርታል።

እዚህ ላይ ለቡና ሰዎች አንድ ሂሳብ ላስቀምጥ፣ ሌላ ዘርፍ ላይ ያላችሁም የራሳችሁን ፈልጉለት። አንድ ኪሎ ንጹህ የታጠበ ቡና፣ ማለትም ተቀሽሮ ለመላክ የተዘጋጀ፣ ለማግኘት ወደ 6 ኪሎ ገደማ ቀይ እሸት ያስፈልጋል። ስለዚህ እሸት ላይ 5 ብር ጨመራችሁ ማለት ንጹሁ ቡና ላይ 30 ብር ጨመራችሁ ማለት ነው፣ ያውም ለቃሚውን ነዳጁን ጆንያውን ትራንስፖርቱን የባንኩን ወለድ ሳንቆጥር። ሚዛን ላይ የቆመው ገዢ ይሄን አያውቅም፣ ማንም አልነገረውም፣ እሱ የሚያየው ጎረቤት ጣቢያ እሸት እንደወሰደበትና ባዶ ገንዳ ይዞ እንዳያድር ብቻ ነው። ሚዛን ላይ ስሠራ እኔም ማንም አልነገረኝም ነበር። ስለዚህ በየጣቢያው ጥቁር ሰሌዳ አስቀመጥን፣ ጠዋት ጠዋት የዕለቱ ጣሪያ ዋጋ ይጻፍበታል፣ ከጎኑ ደግሞ በዚያ ዋጋ ብንገዛ ንጹሁ ኪሎ ስንት ላይ እንደሚያርፍ፣ ላኪው ዛሬ ስንት እየሰጠን እንደሆነ። ሦስት ቁጥር ብቻ። ገዢዎቹ ራሳቸው "እንዴ ይሄማ ኪሳራ ነው" ማለት ጀመሩ። ቁጥር ደብቃችሁ ሰው በትክክል እንዲገዛላችሁ አትጠብቁ።

ህዳር አጋማሽ ላይ ቁጥሮቹ አልገናኝ ሲሉ ግዢ እናቁም የሚል ሀሳብ ለባለቤቶቹ አቀረብኩ። ቀላል ስብሰባ አልነበረም። ማሽን አለ፣ ሰው ተቀጥሯል፣ ብድር ተወስዷል፣ ጎረቤት እየገዛ ነው፣ "እኛ ብቻ ቆመን ስናይ ምን እንባላለን" ተባለ። እኔ ወረቀት ላይ ያመጣሁት በዚህ ዋጋ አንድ መኪና ብናስገባ ስንት እንደምንከስር፣ ዋጋው በአስር በመቶ ቢያገግም ስንት እንደምንከስር፣ ዛሬ ብናቆም ስንት እንደምንከስር ነው። በሦስቱም እንከስራለን፣ ልዩነቱ የኪሳራው መጠን ነው። "ያ ሁሉ ድካም በኪሳራ" የሚል ስሜት ክፍሉ ውስጥ ነበር፣ ግን ሦስቱ ቁጥሮች ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ክርክሩ ከእኔ ጋር መሆኑ ቀረ። ግዢው ቆመ።

ከባዱ ሰብሳቢዎቹ ነበሩ። ከእኛ ጋር ዓመታት የሠሩ ሰዎች ናቸው፣ ለገበሬው ቃል ገብተውለታል። በስልክ ልንገራቸው የሚል ሀሳብ ነበር፣ እኔ አጋሮ ወርጄ ፊት ለፊት ነገርኳቸው፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን ሂሳብ እያሳየሁ። አንዳንዱ ተቆጥቶ ተነስቶ ሄደ፣ አንዳንዱ "ሴት ልጅ ስትመራ እንዲህ ነው፣ ፈሪ ናት" አለ፣ ሰምቼዋለሁ። በዕድሜ ትልቁ ሰብሳቢ፣ ሀጂ ነው የምንላቸው፣ ቡናቸውን ጠጥተው ሲጨርሱ "ልጄ የዘንድሮን ዝጊው፣ ከርሞ እኔም አለሁ አንቺም አለሽ" አሉ፣ ከዚያ ሌሎቹም ረገቡ። በእጃቸው የነበረውን ለገበሬው ቃል በገቡት ዋጋ ተረከብናቸው፣ ጎዳን፣ ግን ቃል ነው። ሴቶች እህቶቼ ለእናንተ የምለው፣ ፈሪ ናት ሲሏችሁ ለመመለስ ብላችሁ እንዳትገዙ። ከቁጥራችሁ ጋር ቁሙ፣ በዕድሜ የገፉትንም ሰዎች አክብራችሁ ቀድማችሁ አማክሩ፣ እነሱ አንድ ቃል ሲናገሩ የእናንተ አሥር ቃል የማይሠራውን ይሠራል።

ከዚያ ብድሩ። የመኸር ብድር የሚከፈለው ቡናው ሲሸጥ ነው፣ ቡናው ደግሞ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ዋጋ ይጠብቃል፣ ወለዱ ግን አይተኛም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ የሚሳሳተው የመክፈያው ቀን አልፎ ባንኩ እስኪደውል መጠበቁ ነው፣ አንዳንዱ እንዲያውም ስልክ ማንሳት ያቆማል። እኛ ቀኑ ከመድረሱ ከሁለት ወር በፊት ነው የሄድነው፣ መጋዘን ውስጥ ያለውን ቡና በኪሎና በደረጃ፣ ከላኪዎች ጋር የተያዘውን ውል፣ በየወሩ ምን ያህል መክፈል እንደምንችል ይዘን። ለሠራተኛ ያወጣነው ደንብ ለእኛም ይሠራል፣ ባንኩም የእኛን መጥፎ ወሬ ከእኛ አፍ መስማት አለበት። ክፍያው ተከፋፍሎ ተራዘመልን። ይሄ ዋጋ ያለው መሆኑ የታየኝ ነሐሴ 2015 ላይ ነው፣ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ሲገድብ። ከዚያ በኋላ ባንኮች ለማን እንደሚሰጡ መምረጥ ነበረባቸው፣ እኛ ብዙ ባይሆንም ለቀጣዩ መኸር የሚሆን አገኘን። ማስያዣው ያው ነው፣ የጠቀመን ያኔ ቀድመን ሄደን ያስገባነው፣ ፋይላችን ውስጥ ያለው ደብዳቤ ነው ብዬ አምናለሁ።

ደመወዝ የዘገየበትም ጊዜ ነበር። እዚህ ጋ ቅደም ተከተል ያዙ። የቀን ሠራተኞች፣ ለቃሚዎቹ እናቶች፣ በየሳምንቱ ሳይጓደል ይከፈላቸዋል፣ እነሱ የዛሬ ብራቸው የዛሬ ሽሮ ነው። ከዚያ የወር ሠራተኛው፣ መጨረሻ ላይ እኛ አመራር የምንባለው። ሠራተኛውን ሰብስቤ በዚህ ወር ስንት ብር እንደሚገባና መቼ እንደሚከፈል ቀኑን ነገርኳቸው፣ የማላውቀውን ቀን አልተናገርኩም። ሰው የወጣው ጥቂት ነው፣ የወጡትንም በምርቃት ነው የሸኘናቸው፣ አንዳንዶቹ ተመልሰዋል።

ዋጋ ሲወጣስ? ብዙ ሰው የሚያስበው ችግር ያለው ሲወርድ ብቻ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፣ በ2017 ደግሞ የካቲት ላይ የዓለም ዋጋ ፓውንዱ ከ4 ዶላር በላይ ነበር። ሁሉም ደስ አለው፣ ግን ዋጋ ሲወጣ የሚጠፋው ቅድሚያ የሰጣችሁት ብር ነው። ሰብሳቢ መስከረም ላይ ብር ይወስዳል፣ ህዳር ላይ ዋጋው ሲዘል ቡናውን ለሌላ ሰው ይሸጥና "እስቲ ትንሽ ታገሱኝ" ይላል። እኛን ያዳነን ቅድሚያ ክፍያውን ትንሽ ትንሽ አድርገን በየሳምንቱ ማወራረዳችን ነው፣ ያለፈውን ሳምንት ሳያወራርድ አዲስ ብር የለም፣ ለዘመድም ቢሆን። ደግሞ የድሮ ውል በአሮጌ ዋጋ ያለባችሁ ከሆነ ለላኪው ቶሎ ንገሩ፣ ተደራደሩ፣ ቡናውን ሰውራችሁ ለሌላ አትሽጡ። ጅማ ሰፊ ከተማ አይደለችም፣ ማን ቃሉን እንደበላ በጀበና ቡና ቦታ ሁሉ ይወራል፣ ለዓመታትም ይወራል።

ስለ ሥራ እድገት ለሚጠይቁኝ ልጆች የምለው ብዙ የለኝም። ከሂሳብ ክፍል ወደ አመራር ያመጣኝ ሪፖርቴ ላይ ጥሩውንም መጥፎውንም አንድ ገጽ ላይ አንድ ዓይነት ፊደል አድርጌ መጻፌ ይመስለኛል፣ ባለቤቶቹ ኋላ ላይ እንደዚያ ብለውኛል። ሌላው ተተኪ ነው። ያ ቺንጋ የተበጠሰበት ጣቢያ ኃላፊ አሁን የጣቢያዎቹ ሁሉ አስተባባሪ ነው፣ ሌሊት የሚደወለውም ለእሱ ነው፣ ለእኔ የሚደርሰኝ እሱ የማይፈታው ብቻ። እኔ ታምሜ ሆስፒታል የነበርኩ ጊዜ ሥራው ሳይጓደል ቀጥሏል። ፊርማና የይለፍ ቃል በአንድ ሰው እጅ ብቻ አታድርጉ፣ ባንክ ላይ ሁለተኛ ፈራሚ ይኑር፣ እስከ ስንት ብር ያለ እናንተ መወሰን እንደሚችል በጽሑፍ ስጡት።

ነሐሴ ሲገባ ቡና ላይ ያላችሁ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። ጳጉሜ ሳያልቅ ሚዛኖቹን አስመርምሩ፣ ጀነሬተሩን ጭነት አስይዛችሁ አንድ ሌሊት አስነሱት፣ በየጣቢያው መለዋወጫ ቺንጋና ቢያንስ የሁለት ቀን ናፍጣ ይኑር። የአልጋ ሸራና መረብ የተቀደደውን ያኔውኑ ቀይሩ፣ ህዳር ላይ ድንገት ዝናብ ሲጥል እቃ ግዢ ክፍል አይደርስላችሁም። የእርጥበት መለኪያችሁን ከሌላ ጋር አመሳክሩት፣ ከ12 በመቶ በላይ የሆነ ቡና መጋዘን ከገባ ይሻግታል። ባንክም ያኔውኑ ሂዱ። መስከረም መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሁሉንም ሰው ጥበቃውንም ጨምሮ ሰብስባችሁ ሌሊት ለማን እንደሚደወል ስልክ ቁጥሩን በትልቁ ጽፋችሁ ሚዛኑ አጠገብ ለጥፉ፣ ከዚያ እዚያው ቆማችሁ በጥበቃው ስልክ አንዴ አስደውሉት፣ ካርድ መኖሩንም እዩ።